ስለ እኅትማማቾች ማኅበር

ቀድሞ ያስተማርሁት ሰው ልጅ በአሜሪካ አገር ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከጥቂት ወራት በፊት በላከችልኝ ደብዳቤ፣ «አባባ፣ የእስያ ተወላጆች ያቋቋሙት አንድ የእኅትማማቾች ማኅበር እንድገባ ጋብዞኛል። ከየትኛውም ዘር የመጣችን ሴት እንቀበላለን ይላሉ፤ ስማቸው ግን የእስያ ነው። በዘር ስም ከተሰበሰበ ማኅበር መግባት ነውር አይሆንምን?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገሩ በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ ጊዜ ወስጄ ጻፍሁላት። ለእናንተም ለወጣቶቹ ያንኑ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ማኅበራት በግሪክ ፊደላት ስም የሚጠሩ ናቸው። አባሎቻቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ በትምህርት ይረዳዳሉ፤ ከትምህርት ቤት ከወጡም በኋላ ሥራ በመፈለግና በችግር ጊዜ አይረሳሱም። ይሁን እንጂ ከጥንቶቹ ማኅበራት ብዙዎቹ ነጭ ያልሆነን ሰው አያስገቡም ነበር፤ አንዳንዶቹማ ይህንኑ በደንባቸው ላይ ጽፈውት ነበር።

በ1928 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የጃፓን ተወላጆች የሆኑ ልጃገረዶች ካይ አልፋ ዴልታ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ በተከታዩም ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ዕውቅና አገኙ። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ ዜጋ ነበረ፤ ከጃፓን የመጡት ወላጆች ግን ምንም ያህል ዘመን ቢቀመጡ እስከ 1952 ድረስ ሕጉ ዜግነት ይከለክላቸው ነበር። በ1930 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የመምህራን ኮሌጅ የቻይና ተወላጆች የሆኑ ሴቶች ሲግማ ኦሚክሮን ፓይን አቋቋሙ። ማኅበር ማቆም ተቻለ፤ ቤት ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነበር። በሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የመሬት ውሎች ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት የሚከለክል ቃል ይገባባቸው ነበርና። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው።

ከዚያ በፊትም የባሰ መጣ። በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት ወደ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ተወላጆች፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል የአሜሪካ ዜጎች ሲሆኑ፣ ከቤታቸው ተነቅለው ታጎሩ። ማኅበሩም በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን እንደ ገና ተሰበሰበ። መንግሥት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው። ከእንዲህ ያለ መከራ ተመልሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሻይ አፍልተው የተቀመጡትን ሴቶች፣ ለምን በዘር ተሰበሰባችሁ ብሎ ለመውቀስ እኔ አፍ የለኝም።

በዘር መለያየት የተጎዱ ሰዎች ራሳቸው በዘር ሲሰበሰቡ የጎዳቸውን ነገር ደገሙ የሚል ሰው አለ። አነጋገሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል። እኔ ግን የምጠይቀው፣ በመሰብሰቡ ምክንያት ማን ምን አጣ? ብዬ ነው። የቀደሙት ማኅበራት በራቸውን ሲዘጉ በደጅ የቀረችው ልጅ መኝታዋን፣ የጥናት ጓደኛዋን፣ ነገም ሥራ የሚያገናኛትን ወዳጅ አጣች። እነዚህ ሲሰበሰቡ ግን ከማንም ላይ የተወሰደ ነገር አልነበረም።

ደግሞስ «የእስያ» የሚባለው ዘር የቱ ነው? በ1937 የጃፓን ጦር ቻይናን ሲወርር የነበረውን ደም ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የእነዚያ የሁለቱ ሕዝቦች የልጅ ልጆች ከኮሪያ፣ ከፊሊፒንና ከቬትናም ተወላጆች ጋራ በአሜሪካ በአንድ ስም መጠራት የጀመሩት በ1968 በበርክሊ ተማሪዎች ስሙን ካወጡት ወዲህ ነው። እንግዲህ ስሙ ከአንድ አያት የመጣ አይደለም፤ የሌላው ሰው ዐይን አንድ አድርጎ ስላያቸው የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ስም ለሌላይቱ እንግዳ ቢከፈት አያስደንቅም። ስለዚህ ለልጂቱ፣ ስሙ አያስፈራሽ፣ ብዬ ጻፍሁላት።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2013 በፔንሲልቬንያ ግዛት የእስያ ተወላጆች የወንድማማቾች ማኅበር ሊገባ የነበረ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ዐይኑን ታስሮ፣ ከባድ ሸክም ተሸክሞ፣ በሌሊት እየተገፋና እየተጣለ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሐኪም ቤትም ቶሎ አላደረሱትም። ሥርዐቱ የወገንን መከራ ለማስተማር ነው ይባል ነበር። በ2017 ፍርድ ቤቱ ማኅበሩን ራሱን ጥፋተኛ አለው፤ በተከታዩም ዓመት ከግዛቱ ለ10 ዓመት አገደው። የወንዶች ማኅበር ነው፣ ሴቶቹን አይመለከትም እንዳትሉኝ፤ ከሥር ያለው ሐሳብ፣ ማለት መከራ ያላየ ወንድም አይሆንም የሚለው፣ ወንድና ሴት አይለይም።

ይህን ሐሳብ ከራሴ አውቀዋለሁ። ባደግሁበት የሚሲዮን አዳሪ ቤት እኛ ትልልቆቹ አዲስ የገባውን ልጅ ውሃ እናስቀዳው፣ በሌሊትም ቀስቅሰን በብርድ እናቆመው ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ በሌሊት ጠፍቶ በማግሥቱ ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ተገኘ። ለመምህሩ የሰጠነው መልስ፣ «እኛንም እንዲሁ አድርገውናል» የሚል ነበር። እኔም ከመላሾቹ አንዱ ነበርሁ። የዚያን ልጅ ስም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ለልጂቱ ሁለት ጥያቄ አስይዤ ላክኋት። ልትገቢ ባለሽባቸው ሳምንታት ምን እንደሚያደርጉሽ ጠይቂ፤ ጠይቀው ሳይገቡ የቀሩትም ለምን እንደ ቀሩ ጠይቂ፣ ብዬ። መልሷ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ስትጠይቅ አንዲቱ ስቃ ምስጢር ነው አለቻት፤ ሌላይቱ ግን አንገቷን ደፋች። አሁን ከዚህችኛዋ ጋራ በየማታው አብረው ያጠናሉ፤ የመግባቱን ነገር ገና አልቈረጠችም።