ጉልበቱ የማን ነው?

በጋይንትና በፋርጣ የአብነት ትምህርት ቤቶች ደጅ ያደገ ሰው ስለ አብሾ ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ ተማሪ ቀለም ቶሎ ሲገባው፣ ሌላው ከዓመት ዓመት አንድ ቦታ ላይ ሲጉላላ፣ ለልዩነቱ የሚሰጠው ምክንያት ዝግጁ ነው፤ «እሱማ አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል። የጠጣው ሰው አንዴ የሰማውን አይረሳም፤ አረቄ ከቀመሰ ግን ጨርቁን ይጥላል። እንዲህ ነው የሚወራው። አብሾ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ተክል አስተናግር ነው። በአስተናግር ውስጥ ደግሞ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የአእምሮ ተመራማሪዎች የጤነኛን ሰው ትውስታ ለጊዜው ማደብዘዝ ሲፈልጉ ለሙከራ የሚሰጡት ይህንኑ ነው። እንግዲህ አብሾ በእውነት ከአስተናግር የሚቀመም ከሆነ፣ ያ ተማሪ ድጓውን የያዘው በመጠጡ ሳይሆን መጠጡን ተቋቁሞ ነው። ሌሊት እየተነሣ የቀጸለው ራሱ ሳለ ምስጋናው ለሥራ ሥር ተሰጠ።

ዛሬ ስለ ሯጭ የሚወራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ውርጩ ሳይነሣ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ድንገት ከቀደመች «የሆነ ነገር ወስዳ ነው» መባሉ አይቀርም። ልዩነቱ፣ አብሾው ወሬ ነበር፤ ዛሬ ሯጮች የሚወስዱት፣ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን በእርግጥ ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄው በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ካፌይን ያለበት ክኒን፣ ጄል ወይም ዱቄት ወስዳ ያሸነፈች ልጅ፣ ያሸነፈችው በማን ጉልበት ነው?

ይህን ጥያቄ በሐተታ ልመርምረው፤ ሐተታ የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ወደ አውሮፓ የሄደው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጋይንት ቤተልሔም ተቀምጦ በነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እጅ ነው። ጸሐፊው እንፍራንዝ የኖረው ዘርአ ያዕቆብ ነው ወይስ ጣሊያናዊው ራሱ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ለእኔ ጉዳይ ክርክሩ አያስቸግረኝም። ከመጽሐፉ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰዎች «ይህን ብላ፣ ይህን አትብላ» ብለው የደነገጉትን ሁሉ በልቡና መመርመር። ስለ ጾም ሕግ ያን ያህል የደፈረ ሰው ስለ ካፌይን ሕግ ቢጠየቅ ዝም የሚል አይመስለኝም።

ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንገ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ነቅቶ በቆየና በሠራ ቁጥር አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ በተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ «ደክሞሃል» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። ድካሙ አለ፤ መልእክቱ ግን አይደርስም። ዳገቱ ያው ሆኖ ሳለ ለሯጩ ቀለል ይለዋል። ስለዚህ ካፌይን ጉልበት ይሰጣል የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። የሚሰጠው ባለቤቱ ካለው ጉልበት ላይ እስከ ዛሬ ያልነካውን የመንካት ፈቃድ ነው።

መጠኑም ይታወቃል። የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚስማሙበት በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ ከውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። 55 ኪሎ ለምትመዝን ሯጭ ከ165 እስከ 330 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ወደ 9 ሚሊ ግራም ሲጠጋ ጥቅሙ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የልብ ምቱ፣ የእጁ መንቀጥቀጥና የሆዱ መታወክ ነው። በጽናት ውድድሮች ላይ የሚገኘው መሻሻል ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ እንደሆነ ይጻፋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው 2 በመቶ ማለት ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያልፍ ሩጫ የተመለከተ ሁሉ ያውቀዋል። እርግጥ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብስክሌት ላይ የተለካ ነገር ጎዳና ላይ እንዳለ አይደገምም።

የአእምሮው ጉዳይ ግን ይበልጥ ያከራክራል። ካፌይን ንቃትንና ትኩረትን እንደሚጨምር፣ በተለይ እንቅልፍ ላጣ ሰው፣ ብዙ ጥናት ያሳያል። እኔ ግን «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጠጣ አገር ናት። ቡና የለመደ ሰው ሲቋረጥበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም፣ መጫጫን፣ መነጫነጭ ይጀምረዋል። ሐራራ የምንለው ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ምእመን ይህን ከማንም ፕሮፌሰር በላይ ያውቀዋል። ታዲያ ያ ሰው ሲኒውን ጨርሶ «አሁን ነቃሁ» ሲል በእርግጥ ከፍ አለ ወይስ ከወደቀበት ተነሣ? አንዳንድ ተመራማሪዎች ሁለተኛው ነው ባዮች ናቸው፤ ለጭንቅላት ሥራ በሚገኘው ጥቅም ላይ ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። በእግር ላይ ግን አይረታም፤ የለመደውም ያልለመደውም ሯጭ ሲጠቀም ታይቷልና።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለብስክሌተኞች ካፌይን እንደሚሰጣቸው፣ አንዳንዴ ብዙ፣ አንዳንዴ መጠነኛ፣ አንዳንዴም ባዶ ክኒን እንደሚሆን ነገራቸው። የተሰጣቸው ግን ሁልጊዜ ባዶው ነበር። ብዙ ካፌይን የወሰዱ የመሰላቸው ጊዜ የበለጠ ኃይል አወጡ፤ ባዶ የወሰዱ የመሰላቸው ጊዜ ደከሙ። እዚህ ላይ አብሾው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ እምነት ብቻውን እግር ያንቀሳቅሳል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት የዘር ውርሳቸው ካፌይንን ቀስ ብለው እንዲያስወግዱ የሚያደርጋቸው ስፖርተኞች በኪሎ 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ ከወትሮው እንደዘገዩ አሳይቷል። ሌሎች ጥናቶች ይህን ሁልጊዜ ባያጸኑትም፣ ጓደኛን የረዳ ነገር ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሰው እንዲህ ይለኛል፦ «በራሷ ጉልበት የሮጠችና በክኒን የሮጠች እኩል ናቸውን? አንዱ የተፈጥሮ፣ ሌላው የሰው እጅ ሥራ ነው።» ክርክሩ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሲመረምሩት ግን አይጸናም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው ጉና ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የሚያድግ ልጅ አየሩ ስለሳሳ ደሙ ኦክስጅን የሚሸከምበት አቅም ይጨምራል። ይህን በላቡ አላገኘውም፤ እናቱ እዚያ ስለወለደችው ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣው ተወዳዳሪ «ተራራችሁ አድልዎ ነው» ብሎ ቢከስ ምን እንመልስለታለን? «ተፈጥሮ ነው» ካልን ቡናም ተፈጥሮ ነው። «ሰው ሠራሽ ነው» ብለን ካወገዝን፣ የተከለከለው ኢ.ፒ.ኦ. የተባለው ሆርሞን በገዛ ኩላሊታችን ውስጥ በየዕለቱ የሚመረት ነው። ተፈጥሮና ሰው ሠራሽ የሚለው ድንበር በዚህ ነገር ላይ ዳኛ መሆን አይችልም።

ድንበሩ ራሱም ሲንቀሳቀስ ኖሯል። በክርስቲያኑ ደጋ ቡና ለረጅም ዘመን የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ይራቅ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ነው በግልጽ ወደ ቤት የገባው። ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል እንግዳ የማይሸኝበት አገር ያኔ ሲኒውን ይጠየፍ ነበር። የስፖርቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1984 በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ15 ማይክሮ ግራም በላይ ካፌይን የተገኘበትን እንደ አጥፊ መቁጠር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2004 ካፌይን ከክልከላው ዝርዝር ወጣ። የጫቱ ካቲኖን ግን በውድድር ወቅት ዛሬም ክልክል ነው። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ፍርድ ነው። ይህን ያልኩት ሕጉን ለማቃለል አይደለም። የእግር ኳስ ሜዳ መስመርም በሰው እጅ በኖራ የተሰመረ ነው፤ ኳሷ ካለፈችው ግን ወጥታለች።

ታዲያ ተፈጥሮም ካልለየው፣ ሕጉም ካልከለከለው፣ የኔና የሌላ የሚባለውን ጉልበት በምን እለየዋለሁ? እኔ የምለየው በማወቅ ነው። ምን እንደወሰደች፣ ስንት እንደወሰደች፣ ለምን እንደወሰደች የምታውቅና ወድዳ የመረጠች ሯጭ ያመጣችው ውጤት የራሷ ነው፤ ልክ ቀን መርጣ እንደበላችው በሶ፣ መርጣ እንደገዛችው ጫማ። ሳታውቅ የተሰጣት ግን፣ ብታሸንፍም እንኳ፣ ውጤቱ በግማሽ የሰጪው ነው። ጥፋት ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሷ ይሆናል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፦ በናሙናው ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ስፖርተኛው ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በፌስታል የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ያመጣል። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ፋብሪካ የለው። «ካፌይን ነው፣ አያስይዝም» ይላል። ካፌይን ብቻ ነው እንበል፤ ንጹሕ የካፌይን ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ የ28 ስኒ ቡና ያህል እንደሆነ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አስጠንቅቋል፤ በማንኪያ ጫፍ የሚሳሳት እጅ ሰው ሊገድል ይችላል። ካፌይን ብቻ ካልሆነስ? በኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ሰፕሊመንቶች ተመርምረው፣ በ94ቱ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞናዊ ንጥረ ነገር ተገኝቷል፤ ወደ 15 በመቶ ማለት ነው። እነዚህ የታሸጉና ስም ያላቸው ነበሩ። ስለ ፌስታሉ ምን ልበል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በአበረታች ቅመም ጉዳይ እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት 5 አገሮች አንዷ እንደነበረችም አንርሳ።

«እና ሲኒ ቡናውስ?» የሚል ይኖራል። ሯጭ ቡናውን ይጠጣ፤ ማን ከልክሎት። ብቻ ጀበናው ሚዛን እንዳልሆነ ይወቅ፦ አቦሉ ይበረታል፣ በረካው ይሳሳል፣ የአንዷ ቤት ከሌላዋ ይለያል። ሰዓቱንም ይጠብቅ። ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ነገ የሚሮጥ ሰው ዛሬ ማታ ከእንቅልፉ የሰረቀውን ጠዋት በሌላ ክኒን ሊመልስ ሲሞክር ክበቡ አያልቅም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ካፌይን ለአዋቂ ሯጭ የተፈቀደ ነው፤ አሳፋሪም አይደለም። ሊሞክረው የፈለገ በልምምድ ቀን በትንሹ ይሞክረው፤ በውድድር ጠዋት አይጀምረው። ሰውነቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን እንቅልፍ፣ ምግብና ጉና ይበቁታል። አሰልጣኝ ሆይ፣ ከማሸጊያው ላይ ስሙንና መጠኑን አንብበህ ለልጁ ልትነግረው የማትችለውን ነገር በእጁ አታስይዘው።