ፈቃዱን ለራሱ የሰጠ ሰው

«ፈቃድ» የምትለው ቃላችን ሁለት ትርጉም ተሸክማ ትኖራለች። በአንድ በኩል ከውስጥ የሚመነጭ የልብ ውዴታ ናት፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከበላይ የሚሰጥ ይሁንታ ናት፤ የንግድ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ እንላለን። በሰው አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ሁለተኛው ትርጉም ሳይቀርበን አይቀርም። ዓረብኛው በበኩሉ በጎ ፈቃደኛውን «ሙተጠዊዕ» ይለዋል፤ የቃሉ ሥር መታዘዝን ያመለክታል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ቁም ነገር ያገኛል፤ ፈቃደኛ ማለት ፈቃዱን ለራሱ የሰጠ፣ ለትእዛዙም ራሱ ያደረ ሰው ነው።

ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ሥልጣን የማይሻ፣ ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ ስሙ በጋዜጣ የማይወጣ ተራ ዜጋ ዴሞክራሲን ልጠብቅ ብሎ ጊዜውን፣ እንቅልፉን፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው?

ስሌት የሚወድ ሰው «ስለ ሞኝነቱ ነው» ሊል ይችላል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማንኩር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ክርክር በሚገባ አደራጅቶታል። የጋራ ጥቅም ሲገኝ የደከመውም ያልደከመውም እኩል ይካፈለዋል፤ የአንድ ሰው ድካም ግን በብዙ ሺህ ሰዎች መካከል ሚዛን አይደፋም፤ ስለዚህ የራሱን ጥቅም የሚያሰላ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሌሎች የሚያመጡትን ይጠብቃል። እኛም ይህን ትምህርት መጽሐፍ ሳንገልጥ ከአባቶቻችን ሰምተነዋል፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ ተነግሮናል።

የዚህን ክርክር ጉልበት ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ ካርቱም ያየችው ነገር ከስሌቱ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2013 የተነሣው ተቃውሞ በጥይት ከተበተነ በኋላ፣ በየሰፈሩ ጥቂት ወጣቶች «ሊጃን አል ሙቃወማ» የተባሉትን የተቃውሞ ኮሚቴዎች ማቋቋም ጀመሩ። በዲሴምበር 2018 የዳቦ ዋጋ ንሮ ዓጥበራ ላይ ሕዝብ ሲነሣ ኮሚቴዎቹ ተበራከቱ። በአፕሪል 6 ቀን 2019 በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ሕዝብ ተቀመጠ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ዑመር አል በሽር ከሥልጣን ወረዱ። ጁን 3 ቀን ግን ያ የተቀመጠ ሕዝብ በኃይል ተበተነ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ኢንተርኔትም ተዘጋ።

በስሌቱ መሠረት ነገሩ እዚያ ላይ ማክተም ነበረበት። አደጋው የታየ ነው፤ መገናኛው ተቆርጧል፤ ቤቱ የተቀመጠን ሰው የሚወቅሰው የለም። ኮሚቴዎቹ ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ በግድግዳ ላይ እየጻፉ፣ በስልክ አጭር መልእክት እየተጠራሩ ጁን 30 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ አወጡ። በዚያም ቀን ሰው ሞቷል።

አንዲት በር ያንኳኳው ወጣት የሠራዊትን ክንድ በጣቱ እጥፋለሁ ብሎ አላሰበ ይሆናል። የሚያውቀው ነገር ግን ነበር፦ ይህችን በር እርሱ ካላንኳኳት ከሌላ ሰፈር መጥቶ የሚያንኳኳት የለም። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰውን ከሚሊዮን አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በሰፈሩ ግን ሰው ከአርባ አባወራ አንዱ ነው፤ ከአርባው አንዱ ሲጎድል ደግሞ ይታወቃል። ሚሊዮኑ ራሱ በእንዲህ ያሉ አርባዎች የተሠራ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ዳቦን ሌላው ጋግሮ ሊያመጣልን ይችላል፤ አብሮ መምከርን፣ ሹምን መጠየቅን፣ በድምፅ ብልጫ ተሸንፎ አብሮ መቆየትን ግን ማንም አዘጋጅቶ አያቀርብልንም። የሱዳን ታሪክ ይህን ደጋግሞ አስተምሯል። ሕዝቡ በ1964 ጄኔራል ዓቡድን፣ በ1985 ኒሜሪን አውርዶ ነበር፤ በ1969 እና በ1989 ግን ሌሎች መኮንኖች መጥተው የተመረጠውን መንግሥት ገለበጡ። ከ2019 በኋላ ኮሚቴዎቹ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ የዱቄትና የነዳጅ ክፍፍልን ሲቆጣጠሩ የቆዩት፣ ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም የሕዝብ ሥልጣን ቻርተር ለመጻፍ በየሰፈሩ የተከራከሩት ከዚህ ተምረው ይመስላል። ነፃነትን አንድ ቀን አምጥቶ ቆልፎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ እንደ እርሾ ከዛሬው ለነገው ካልተረፈ ሊጡ አይነሣም።

«ታዲያ ምን አተረፉ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ፈነዳ፤ ሁለት ታጣቂ ኃይሎች ከተማይቱን ተከፋፈሏት፤ የተመኙት ሲቪል መንግሥት ቀርቶ ቤታቸው እንኳ አልቀረላቸውም። ይህን ኪሳራ በጥሩ ቃል መሸፈን ለሟቾቹ ክብር አይሆንም። ሆኖም መንግሥት ከየሰፈሩ ሲጠፋ ማን ቀረ? የአደጋ ጊዜ ክፍሎች የተባሉት የሰፈር ማኅበራት ናቸው። ብዙዎቹ አባላት ከቀድሞዎቹ ኮሚቴዎች የመጡ ነበሩ፤ «ተካያ» በሚባሉት የጋራ ማዕድ ቤቶች የተራበ አበሉ፣ ቁስለኛ አነሡ፣ መውጫ ያጣውን አሻገሩ። በ2025 የኖርዌዩ የራፍቶ ሽልማት ለእነዚህ ክፍሎች ተሰጠ። ከሽልማቱ የሚበልጠው ምስክር ግን ሌላ ነው፦ በየትኛው ቤት ሕመምተኛ እንዳለ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር የሚያውቅ ሰው የተገኘው ቀደም ብሎ በሮችን ያንኳኳ ሰው ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ፈቃደኝነት ሁሉ ዴሞክራሲን አይጠብቅም። የእኛ ደቦ አቻ የሆነው የሱዳኑ «ነፊር» ጎረቤት ለአጨዳና ለቤት ሥራ የሚጠራራበት ቃል ነው፤ በዚህ ጦርነት ለመዋጋት የተጠሩት «ሙስተንፈሪን»ም ስማቸው ከዚያው ሥር ወጥቷል። በአገራችንም የ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት፣ በሙሉ ልቡ የሄደ ወጣት ብዙ ነበር፤ አልሄድም ለማለት ግን መንገድ አልነበረውም። እንቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ እሺታ ፈቃድ አይባልም። መለኪያው እንግዲህ ይህ ነው፦ የእኔ መነሣት የጎረቤቴን ፈቃድ ያሰፋለታል ወይስ ይነጥቀዋል?

«እኛስ እንግዶች ነን፤ የሰው አገር ፖለቲካ ምን አገባን?» ለሚለው፣ ከፊሉ እውነት ነው። ድምፅ የማይሰጥና የመኖሪያ ወረቀቱ በሰው እጅ ያለ ስደተኛ በአደባባይ እንዲቆም መጠየቅ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን በስደት ዕድር እናቋቁማለን፤ ማኅበር እንጠጣለን፤ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ሒሳብ ይነበብ ሲባል «ተዉት፣ እርሱ ያውቃል» ብለን የምናልፍ ከሆነ፣ ያ ትንሽ ቸልታ ነገ በትልቁ አገር ፊት የሚጠብቀንን ልማድ እየተከለ ነው። እጁን አንሥቶ «ይነበብልን» የሚለው አባል ደግሞ በሰበሰበው ሕዝብ ፊት ደፋር ተብሎ ላይመሰገን ይችላል፤ ነገረኛም ይባላል። እርሱ ግን ማንም ያልሰጠውን ፈቃድ ለራሱ ሰጥቷል፤ ለሌሎቻችንም መንገዱን ከፍቷል።