በክትክታ ዛፍ ሥር ስለ ተቀመጡት ልጆቻችን

ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ካሳፈረ በኋላ ኤልዛቤልን ፈርቶ እንደ ሸሸ፥ ብላቴናውንም በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገብቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ተጽፎአል። ወደ እርሱ የተላከው መልአክ ግን አልገሠጸውም፤ እምነትህ ወዴት አለ አላለውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ነቢዩ በልቶ ተመልሶ ቢተኛም መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ዳሰሰው፥ የመንገዱንም ርቀት አሰበለት። ጥያቄው የመጣው ከ40 ቀን በኋላ በኮሬብ ነው። በዚያም እግዚአብሔር ብሶቱን ሁለት ጊዜ ሰማው፤ ብቻውን እንዳልቀረም ነገረው፥ ኤልሳዕንም ሰጠው።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከተግሣጽ እንጀምራለን። ልጁ መኖር ሰለቸኝ ሲል ይህ የሰይጣን ፈተና ነውና ዝም በል እንለዋለን፤ እርሱም እንደ ታዘዘው ዝም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነበር።

ስለዚህ የንስሐ አባት ወጣቱ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፥ መብልና እንቅልፍ ትቶ፥ ተስፋ የቆረጠ ቃል ሲናገር ባየ ጊዜ ራስህን ለማጥፋት አስበሃልን ብሎ በፍቅር፥ ነገር ግን በግልጥ ይጠይቀው። መጠየቅ አሳቡን የሚያስገባበት የሚመስላቸው አሉ፤ እንዲህ አይደለም፥ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። አዎን ካለ ለብቻው አይተወው፤ የሚጐዳውንም ነገር ከአጠገቡ ያርቅ። የንስሐን ምሥጢር መጠበቅ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ልጁን አስፈቅዶ ከእናቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋራ ማነጋገር፥ እጁንም ይዞ ወደ ሐኪም ማድረስ ምሥጢር ማውጣት አይባልም።

ጸበሉን ከመድኃኒቱ የሚያጣሉ ሰዎች ብዙ ጉዳት አድርሰዋል። ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምራልና፥ በአማኑኤል ሆስፒታል የሚታከም ልጅ ጸበሉን ይጠመቅ፥ መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

አንዱ ልጅ ከሞተም በኋላ በኀዘን ቤት የምንናገረውን ወንድሞቹና ጓደኞቹ ቆመው ይሰማሉ፤ ከእነርሱም መካከል ይህንኑ የሚያስብ ሊኖር ይችላል። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ የእስክንድርያው ጢሞቴዎስ ራሱን ስለ ገደለ ሰው በተጠየቀ ጊዜ፥ አእምሮውን አጥቶ እንደ ሆነ ቍርባን እንዲቀርብለት ፈቅዶአል፤ ካህኑም ነገሩን አጥብቆ እንዲመረምር አዝዞአል።