ማቅለል ማታለል ነውን?

ነገሩ የተነሣው አንዲት ጣት በምታህል የብረት መቆንጠጫ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ታናሽ እህቴ ጊታሬን ከግድግዳው አውርዳ ታቀፈችው። አንዱን ክር ታላላለች፣ ታዳምጣለች፣ ሌላውን ታላላለች። ከዚያም ያቺን መቆንጠጫ ከጊታሩ አንገት ላይ፣ ሁለተኛው ፍሬት ዘንድ አስነክሳ መዝፈን ጀመረች። ድምጿ ሞልቶ ወጣ። እኔ ግን ዘፈኑን አልሰማሁትም፤ ያየሁት መቆንጠጫዋን ብቻ ነበር። «ይኼማ የሰነፍ ምርኩዝ ነው» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። መቆንጠጫዋን ነቅላ፣ ክሮቹን ወደ ቦታቸው መልሳ፣ ጊታሩን ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ወር ያህል ዞር ብላም አላየችው።

«የሰነፍ ምርኩዝ» የምትለው አነጋገር የራሴ አይደለችም። ጊታር ያስተማረኝ ሰው ዘወትር የሚላት ነበረች። እሱም ከመምህሩ ወርሷት ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማንም ገልብጦ አያየውም። እኔም ገልብጬ ያየሁት እህቴ ጊታሩን ከተወች በኋላ ነው። ለመሆኑ አስቸጋሪውን ነገር ማቅለል ማታለል ነውን?

ጊታር ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጊታር 6 ክሮች አሉት። የተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። በዚህ ቅኝት ክሮቹ ሳይጫኑ ቢመቱ የተሟላ ኮርድ አይሰጡም፤ ኮርዱን የሚሠሩት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። አንዳንዱ ኮርድ ሌባ ጣትን እንደ በር መወርወሪያ በ6ቱም ክሮች ላይ አጋድሞ መጫንን ይጠይቃል። ይህ ለጀማሪ እጅ ሥቃይ ነው። ሥቃዩን የሚያቀሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቅኝቱን መለወጥ፣ ማለትም ክሮቹ ጣት ሳይነካቸው አንድ ሙሉ ኮርድ እንዲያሰሙ አድርጎ መቃኘት ነው። ሁለተኛው ካፖ የሚባለው መቆንጠጫ ነው። ካፖ ክሮቹን ሁሉ ባንድነት ተጭኖ ያሳጥራቸዋል፤ ያጠረ ክር ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ዘፋኙ ለጉሮሮው የሚስማማውን ከፍታ ያገኛል፤ የጣቶቹ አያያዝ ግን አይለወጥም። እህቴ በዚያች ምሽት የተጠቀመችው ሁለቱንም ነው።

የከሳሹን ወገን ቃል አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ክሱ እንዲህ ይላል፦ ጥበብ የሚገኘው በድካም ነው፤ ጣቱ ያልቆሰለ ጊታር አላወቀም፤ አቋራጭ የለመደ እግር ዳገት ሲገጥመው ይከዳል። አባቶቻችንም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። እውነትም በካፖ ብቻ ተደግፎ ከሦስት ኮርድ ሳይዘል ዕድሜውን የሚጨርስ ጊታሪስት አለ። ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ይሁንና ከሳሹ አንድ ያልተመረመረ ነገር ይዞ ይነሣል፤ የተለመደው ቅኝት ሕግ፣ ሌላው ሁሉ ከሕግ ማፈንገጥ ይመስለዋል። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ግን ከሰማይ አልወረደም። ለብዙ ዓይነት ዜማ፣ ለብዙ ሰው እጅ ስለተመቸ የጸና ስምምነት ነው። ይህን ለመረዳት ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ክራር አለልን። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ይህን በማድረጉ አጭበረበረ ያለው ሰው የለም፤ እንዲያውም መቃኘት የሙያው ደጃፍ ነው። ዘፋኙ ድምፀ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የክሮቹን ዝምድና ሳያፈርስ ሁሉንም በእኩል ከፍ ያደርጋቸዋል። ካፖ በጊታር ላይ የሚሠራው ይህንኑ አይደለምን? ታማኝነት ለጣት አቀማመጥ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ላለው ዝምድና፣ ዞሮ ዞሮ ለዜማው ነው።

ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቸል በ9 ዓመቷ ፖሊዮ ያዛት። በሽታው ግራ እጇን አዳከመው። ጊታር ስትጀምር የተለመደው ቅኝት የሚጠይቀውን የጣት ውጥረት እጇ አልችል አለ። እሷም እጇን ለጊታሩ ከማስገደድ ጊታሩን ለእጇ ቃኘችው። ከዚያ ወዲህ በዘፈኖቿ ውስጥ ከ50 በላይ የተለያዩ ቅኝቶችን ተጠቅማለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣችው «ብሉ» የተሰኘው አልበም ዛሬም ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል። ዛሬ ጤናማ እጅ ያላቸው ጊታሪስቶች የእሷን ቅኝት ለማጥናት ይደክማሉ። ለደካማ እጅ የተፈለገ ማቅለያ ለጠንካራ እጅ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። «ምርኩዝ» ብለን ብንስቅባት ኖሮ ያጣነው ምን እንደነበር አንባቢ ይገምት።

የሃዋይ ሰዎች ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1830ዎቹ ከሜክሲኮ የመጡ ከብት ጠባቂ ፈረሰኞች ጊታርን ይዘውላቸው እንደገቡ ይነገራል። ሃዋዮቹ መሣሪያውን ተቀብለው ቅኝቱን ግን የራሳቸው አደረጉት። ክሮቹን እያላሉ የሚጫወቱበትን ስልት «ኪ ሆአሉ» ይሉታል፤ ቁልፉን ማላላት ማለት ነው። ብዙ ቤተሰቦች ቅኝታቸውን ለባዕድ ሳይገልጹ ከአባት ለልጅ ያወርሱት ነበር። ቀላል መንገድ ቢሆን ኖሮ እንደ ቅርስ ይደብቁት ነበርን?

አሁን ወደ እህቴ ጥበብ ልመለስ። ባዶ ክሮች የሚ ኮርድ እንዲሰጡ የሚፈልግ ሰው 3 ክሮችን ማጥበቅ አለበት፤ ላ ወደ ሲ፣ ሬ ወደ ሚ፣ ሶልም ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ። የጠበቀ ክር ግን ሊበጠስ ይችላል፤ የጊታሩም አንገት ይጨነቃል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ። 4 ክሮችን አላልተው ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሬ ብለው ይቃኛሉ፤ ከዚያ ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያስነክሳሉ። የሚገኘው ድምፅ በከፍታው ያው ነው፤ የሚበጠስ ክር ግን የለም። ልብ በሉ፤ ወደሚፈለገው ከፍታ የተደረሰው በማጥበቅ ሳይሆን አስቀድሞ በማላላት ነው። ልጆቻችንን፣ ተማሪዎቻችንን፣ ራሳችንንም ወደ ላይ ለማድረስ የምናውቀው መንገድ ማጥበቅ ብቻ አይደለምን? ስንቱ ክር ተበጠሰብን!

እንዲህም ሆኖ ካፖ በነጻ አይሰጥም። ሰባተኛው ፍሬት ላይ ቢያስሩት ከክሩ ርዝመት ሲሶውን ይወስዳል። ከመቆንጠጫው በታች የቀሩት ወፍራም ድምፆች በዚያ ዘፈን አይገኙም። ሲነክስም ክሮቹን በትንሹ ከቅኝታቸው ያወጣቸዋልና ከታሰረ በኋላ እንደገና ማዳመጥና ማስተካከል ያሻል። የተለወጠ ቅኝትም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ኮርድ ሲያቀል ሌላውን ያከብዳል።

ማቅለልና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መነጽር ያደረገን አንባቢ አጭበረበረ አንለውም፤ መጽሐፉን የሚያነበው ራሱ ነውና። ከጓደኛው የፈተና ወረቀት የሚገለብጥ ተማሪ ግን ውጤቱን ቢያገኝም ዕውቀቱ በእጁ አልገባም፤ ያልከፈለውን ዋጋ የከፈለ መስሎ ይታያል። ማቅለያ የተጠቀመ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ሁለት ጥያቄ ነው። ዜማው በእርግጥ ያንተ ነው? ምን እንዳተረፍክበትና ምን እንዳጣህበትስ ታውቃለህ? ሁለቱን ለመለሰ ሰው ሦስተኛ ጥያቄ የለኝም። ሦስት ኮርድ ላይ ለቀረው ጊታሪስትም መልሱ ይኸው ነው፤ ያስቀረው ካፖው ሳይሆን ያጣውን አለማወቁ ነው።

እህቴ ሁለቱንም መመለስ ትችል ነበር። ያልጠየቅኳት እኔ ነኝ። ለምን? ይህን መጻፍ አይቀለኝም። በዚያች ምሽት የተከላከልኩት ለሙዚቃ አልነበረም። ለቆሰሉት ጣቶቼ፣ በዚያ ኮርድ ላይ ላቃጠልኳቸው ሁለት ዓመታት ነበር። እሷ ሳትቆስል ከደረሰች የእኔ ቁስል ከንቱ የቀረ መሰለኝ። አንጋፋው ሠራተኛ አዲሱን የሚያንገላታው፣ አማት ምራቷን የምታማርረው በዚሁ ስሌት ይሆን? የደከምንበትን ሌላው ካልደከመበት ድካማችን ዋጋ የሚያጣ ይመስለናል። ድካሜ ግን ለእኔ ጥንካሬ ሰጥቶኛል፤ በእሷ ላይ የሚጠየቅ ዕዳ አልነበረም።

በቀደም ይቅርታ ጠየቅኳት። ጊታሩን አውርጄ፣ ካፖውን ከመሳቢያ ፈልጌ፣ እንዳየኋት አድርጌ 4ቱን ክሮች አላላሁና ሁለተኛው ፍሬት ላይ አስነከስኩት። ከፊቷ ቁጭ ብዬ ክሮቹን አንድ ጊዜ ገረፍኳቸው። ፊቷን አኮሳተረች።

«ሦስተኛው ክር ወጥቷል፤ አይሰማህም?» አለችኝ።

አልተሰማኝም ነበር። ጊታሩን ተቀብላኝ መቃኛውን በትንሹ መለስ አደረገችው።