የክብር ካባው ለማን ይገባል?

ውድ አንባቢያን፣ የሰኔና የሐምሌ ወራት በመጡ ቁጥር በአገራችን የተለመደ አንድ ትዕይንት አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎቻቸውን ያስመርቃሉ። ወላጆች ከከተማውም ከገጠሩም ተሰባስበው ይመጣሉ። በመድረኩ ላይ ደግሞ ከተመራቂዎቹ ሌላ ካባ የለበሱ አንድ ወይም ሁለት እንግዶች ይቀመጣሉ። እነዚህ እንግዶች ለፈተና አልተቀመጡም፤ የመመረቂያ ጽሑፍም አላቀረቡም። የሚሰጣቸው የክብር ዶክትሬት ነው። ከተሸላሚዎቹ መካከል የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ በተለይም ድምፃውያን፣ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በማግስቱ የጋዜጣውና የቴሌቪዥኑ ወሬም ስለ እነርሱ ይሆናል።

ለመሆኑ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ተቋም ሰውን በአደባባይ ሲያከብር ምን ማለቱ ነው? ስላስደሰተው ማመስገኑ ነውን? ለዝናው እጅ መንሳቱ ነውን? ወይስ ከዚህ የከበደ ነገር እየተናገረ ይሆን?

ጥያቄው በወላይታ ሶዶ ሻይ ቤቶችም ይነሳል። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘች፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ለሥራ በሄድኩበት ጊዜ በመናኸሪያው አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አንድ ወጣት ሐኪምና በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ሲከራከሩ ሰማሁ።

ወጣቱ፣ «አባባ፣ እኔ ዶክተር ለመባል የወጣትነት ዕድሜዬን ስንት ሌሊት አንቅቼበታለሁ። ዘፋኙ ግን ዶክተር ለመባል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው» አላቸው።

እርሳቸውም ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ በቋንቋዬ ስናገር የሚስቁብኝ ነበሩ። ቋንቋዬ ሲዘፈንበት በራዲዮ የሰማሁ ቀን ግን ቀና ብዬ ሄድኩ። ይህን ያደረገልኝ ሐኪም አይደለም» ሲሉ መለሱለት።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የሽማግሌውን ወገን እንመልከት። ዘፋኝን ማክበር ከንቱ ነው ብሎ ጥያቄውን በአንድ ቃል መዝጋት ይቻላል። ይሁንና እንዲህ ያለው አነጋገር ከፍርድ ይልቅ ንቀት ያመዝንበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጥላሁን ገሠሠ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥላሁን በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. ሲያርፍም መንግሥት በክብር ቀብሮታል፤ የቀብሩ ዕለት አዲስ አበባ የተጨናነቀችው በትእዛዝ አልነበረም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካባ ያለበሰው መሐሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል። የመርካቶ ልጅ ከጫማ ጠራጊነት ተነስቶ ድምፁ በዓለም መድረክ ሲሰማ ማየት ስንቱን የድሃ ልጅ እንዳበረታታ መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉም ይበልጥ የሽማግሌውን ነገር የሚያስረዳልን ግን ዓሊ ቢራ ነው። የድሬዳዋው ዓሊ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አፍራን ቀሎ ከተባለው የወጣቶች የኪነት ቡድን ጋር ሲጀምር፣ በአፋን ኦሮሞ በአደባባይ ማዜም እንደ ተራ ነገር የሚታይ አልነበረም። ዓሊ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ አዚሟል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው «ለምን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ነበረው፤ ይህ ሰው የሕዝብን ቋንቋ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ያወጣ ሰው ነው ማለት ይችላል። ዓሊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲሞትም የተነገረለት ይኸው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቱ ሐኪም እንመለስ። የእርሱ ቅሬታ ምቀኝነት ይመስላቸው ይሆናል አንዳንዶች። ነገር ግን በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ኑሯቸው ያነሱት ጥያቄ ምን ያህል እንደጋለ ሁላችንም ሰምተናል። ወጣቱ ነገ በሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ወይም ከዚያ ወጣ ባለ ወረዳ ለመቆየት፣ አለዚያም አገር ጥሎ ለመሄድ የሚወስን ሰው ነው። ከጥቂት ገንዘብ ጋር ጥቂት ክብርም ካጣ፣ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ማን ይጠብቃታል? እንግዲህ የክብር ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ማን እንደሚቆይና ማን እንደሚሄድ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

ይህን ሁለት ወገን በአንድ ቤት ውስጥ አጣምሮ የሚያሳየን ታሪክ የሚገኘው ራቅ ካለ አገር ነው። በእንግሊዝ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1829 የጀመሩት የጀልባ ቀዘፋ ውድድር አለ። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ 6.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀዝፋሉ። በአንድ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ ያዥ ይቀመጣሉ። ለአሸናፊው የሚሰጥ የገንዘብ ሽልማት የለም።

ራን ሎሪ የተባሉ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1934፣ በ1935 እና በ1936 ለካምብሪጅ ቀዝፈው ሦስቱንም ጊዜ አሸንፈዋል። ከዚያ በጎረቤታችን በሱዳን በቅኝ ገዥው አስተዳደር ውስጥ ተቀጥረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከባልደረባቸው ከጃክ ዊልሰን ጋር በለንደን ኦሎምፒክ በሁለት ሰው ቀዘፋ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰዱ። ቀጥለውም ሕክምና ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም በሽተኛ በማየት አሳለፉ። ስለ ሜዳሊያቸው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም።

ልጃቸው ሂዩ ሎሪም እ.ኤ.አ. በ1980 እንደ አባቱ ለካምብሪጅ ቀዘፈ። በዚያ ዓመት ግን ኦክስፎርድ ሁለት ሜትር ያህል በሆነች ብልጫ አሸነፈ። ልጁ በኋላ ተዋናይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታየው «ሐውስ» በተባለ ተከታታይ ድራማ ሐኪም ሆኖ በመተወን ዓለም አወቀው። የእንግሊዝ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2018 የክብር ኒሻን ሰጠው። አባቱ እውነተኛ ሐኪም ሆነው ካገኙት እጅግ የበለጠ ገንዘብ እርሱ ሐኪም መስሎ በመታየቱ እንደተከፈለው፣ ይህም እንደሚከነክነው የተናገረው ራሱ ልጁ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ተዋናዩ አልተሳሳተም። ሙያው መተወን ነው፤ በሙያውም በርትቷል። ሐኪም በሆነው ሰውና ሐኪም መስሎ በታየው ሰው መካከል ያለውን ልዩነትም አልረሳም። አደጋው የሚመጣው ልዩነቱን ሕዝቡና ተቋማቱ የረሱ እንደሆነ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ቁልፍ ያለው ዝናን ከክብር በመለየት ላይ ነው። ዝና ብዙ ሰው ስላወቀህ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለመምጣቱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ክብር ግን ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን፣ የሚያውቀውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል እንጂ «ሰው ሁሉ ስለሚያወራ እኔም አወራሁ» አይልም። ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ማዕረግ ሁሉ በዚህ ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። ለወጣቱ ሐኪም ዲግሪ ሲሰጥ «ይህ ሰው በሽተኛ ቢመጣለት ያውቃል» ብሎ እየመሰከረለት ነው። ለድምፃዊው የክብር ካባ ሲደርብም ምን እንደሚመሰክርለት በቃሉ መናገር መቻል አለበት። መናገር ካልቻለ ክብር እየሰጠ ሳይሆን ዝና እየተበደረ ነው። ታዋቂው ሰው ሲመጣ ካሜራው ይከተለዋል፤ ከካሜራው ጋር የተቋሙ ስም ይነሳል። እንዲህ ከሆነ ሸላሚው ማን ነው? ተሸላሚውስ?

ይህን ፈርተው ጭራሹን በሩን የዘጉም አሉ። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ የተባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም የክብር ዲግሪ አይሰጥም። መሥራቹ ዊልያም ባርተን ሮጀርስ ያልተማሩበትን ማዕረግ ማደል የተቋሙን ሚዛን ያዛባል የሚል አቋም ነበራቸው። ሌሎች ደግሞ በሩን ከፍተው መዘዙን ቀምሰዋል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 ቢትልስ ለተባሉት አራት ወጣት ሙዚቀኞች ኒሻን ሲሰጥ፣ ቀደም ሲል የተሸለሙ አንዳንድ ሰዎች ተቆጥተው ኒሻናቸውን መለሱ። ከአራቱ አንዱ የነበረው ጆን ሌነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 መንግሥቱ በናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነትና በቬትናም ጉዳይ የያዘውን አቋም በመቃወም የራሱን ኒሻን መልሶ ላከ። ለዝና ተብሎ የተሰጠ ክብር በዝናው ኃይል ተመልሶ መጣ።

እኔ በሩ ይዘጋ አልልም። ዓሊ ቢራን የመሰለ ሰው ውጭ የሚቀርበት ደጅ ፍትሐዊ ደጅ አይደለምና። በሩ ላይ የሚቆመው ጥያቄ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን፤ «ይህ ሰው ምን ሠራ? ባይሠራውስ ኖሮ ምን ይጎድለን ነበር?»

ይህ ጥያቄ በቅንነት ከተጠየቀ ከመድረኩ ጀርባ ያሉትንም ሰዎች ይጠራቸዋል። ስለ ቀዛፊዎቹ ሳስብ አንድ ነገር ይደንቀኛል። ስምንቱም ቀዛፊዎች የሚቀመጡት ለሚሄዱበት አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። የማሸነፊያውን መስመር አያዩትም። ፊቱን ወደፊት ያደረገው መሪ ያዡ ብቻ ሲሆን እርሱ ደግሞ አይቀዝፍም። ከስምንቱ አንዱ «እኔ ልታይ» ብሎ ከሌሎቹ ምት ቢወጣ ጀልባዋ ትዘገያለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንዲሉ አበው፣ ሸክሙ የሚቀለው ሁሉም ሲሸከሙት ነው።

የወላይታ ዞን በደቡብ ምሥራቅ ጫፉ ዓባያ ሐይቅን ቢነካም፣ ሶዶ በቀዘፋ አትታወቅም። ይህን የኅብረት ሥራ ግን በኳስ አይታዋለች። ወላይታ ድቻ እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የገጠመው የግብፁን ዛማሌክን፣ የአፍሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ የወሰደውን ክለብ ነበር። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመጨረሻም በፍጹም ቅጣት ምት ዛማሌክን ጥሎ አለፈ። የዚያን ቀን የሶዶ ሕዝብ የጮኸው ለአንድ ኮከብ አልነበረም፤ ለአንድ ስም ነበር። ያ ስም ውስጥ ግብ ጠባቂው አለ፤ ተቀያሪው አለ፤ ማሊያ ያጠበውም አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የክብር ማዕረግ የሚሰጥ ተቋም የተሸላሚውን ሥራ ዘርዝሮ በአደባባይ ያንብብ። «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚለው ለሁሉም ሰው ልክ የሆነ ልብስ ስለሆነ ለማንም ልኩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለአንድ ስመ ጥር ሰው ካባ በተደረበ ቁጥር ከጎኑ ማንም የማያውቀው አንድ ሰው ይቁም፤ በሁምቦ ወይም በዳሞት ገጠር ለሠላሳ ዓመታት ያስተማረ መምህር፣ የስንቱን ልጅ የተቀበለች አዋላጅ፣ ወይም በአንድነት የሠራ አንድ ቡድን። እንዲህ ያሉትን ካሜራ አይጠቁማቸውም፤ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች ይጠቁሟቸው። ሦስተኛ፣ የክብር ማዕረግ በክብርነቱ ይታወቅ። በብዙ አገር ልማድ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሰው ከስሙ በፊት «ዶክተር» ብሎ አይጠራበትም። ይህ ለሐኪሙም ለተመራማሪውም ድካም ዋጋ መስጠት ነው፤ ድምፃዊውንም የሚያሳንሰው አይደለም። ጥላሁን «ጥላሁን» ከመባል የሚበልጥ ምን ማዕረግ አስፈልጎት ያውቃል?

ጣታችንን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ እንዳንቀስር ደግሞ የየራሳችንን ደጅ እንይ። በማኅበራችን፣ በዕድራችን፣ በሠርጋችን የፊት ወንበር የምንለቀው ለማን ነው? የለጋሹን ስም በትልቁ ጽፈን የጽዳት ሠራተኛዋን ስም የማናውቅ ስንቶች ነን? ሥራን በኒያ እንጂ በጭብጨባ መመዘን እንደማይገባ ለእኛ መንገር አያሻም። ለሠሪው የሰው ዓይን አለማግኘት ምናልባት ከሪያእ የሚጠብቅ እዝነት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ለተመልካቾቹ ግን ምክንያት አይሆነንም። እርሱ አለመፈለጉ የእርሱ መልካምነት ነው፤ እኛ አለማየታችን የእኛ ጉድለት ነው።

በምረቃው ቀን በስታዲየሙ ዳር ከእናቱ ጎን የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ ይኖራል። ንግግሩን አይሰማ ይሆናል፤ ካባው በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ግን አጥርቶ ያያል። «ሳድግ ማንን ልሁን?» ለሚለው ጥያቄውም መልስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ያን መልስ የምንሰጠው እኛ ነን። ክብር አማና ነው፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይደርስ ዘንድ ይገባል።

ወላሁ አዕለም።