ልጓሙ በማን እጅ ነው?

የሞተርን አቅም ዛሬም በፈረስ ጉልበት እንለካለን። ፈረስ ግን ዓይን አለው፤ ገደል ሲያይ ይቆማል፣ ሰው ሲያይ ፈቀቅ ይላል። 300 የፈረስ ጉልበት ያላት ስፖርት መኪና የፈረሱን ጉልበት እንጂ ፍርሃቱን አልወረሰችም። ፍርሃቱ ለነጂው ቀርቷል።

ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ ቆላ፣ ወደ ተከዜ የሚወርድ ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ረጅሙን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልያዝ ያለውን ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ አስተዋዩ አስቀድሞ ማርሽ ይቀንሳል። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ነዳጅ መርገጥ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ይህን ስሌት ከእግር ጋር ማዋሐድ ግን ጊዜ ይፈጃል።

«የምደፍረው በገዛ ሕይወቴ ነው» የሚል አይጠፋም። እውን በራሱ ብቻ ነውን? ከኩርባው ወዲያ ፍየሎቹን የሚያሻግር እረኛ ይኖራል። እርሱ በዚህ ድፍረት አልተስማማም፤ የጠየቀውም የለም። ባልተጠየቀ ሰው ነፍስ መወራረድ ጀግንነት አይባልም።

እንግዲህ መንዳት ተማረ የምንለው መኪናዋን ማስሮጥ የቻለውን አይደለም፤ ገና ያላየውን እረኛ አስቦ፣ ከኩርባው በፊት እግሩን ከነዳጅ ላይ የሚያነሳውን ነው።