ቤት ለማን ይታደሳል?

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት፣ የእርግዝናው ዜና ከተሰማ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓይናቸውን ወደ ቤታቸው ግድግዳ ያነሣሉ። ትናንት ያልታየው ስንጥቅ ዛሬ ይታያል፤ ለዓመታት የተለመደው የጣራ ማፍሰስ ድንገት የማይታገሡት ይሆናል። ቆርቆሮው ይቀየር፣ ግድግዳው ይመረግ፣ ኮርኒሱ ይታደስ፣ ቀለም ይቀባ የሚለው ሐሳብ አንዱ ሌላውን እየጠራ ይበዛል። ይህ በራሱ መልካም ፍላጎት ነው፤ ሰው የሚወደውን እንግዳ በፈረሰ ቤት ሊቀበል አይወድምና። ይሁን እንጂ መልካም ፍላጎት በመልካም ሥርዓት ካልተመራ የተነሣበትን ዓላማ ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን፤ ቤቱ የሚታደሰው በእውነት ለማን ነው?

ስለ ዝግጅት በምናስብበት ጊዜ ሕፃኑን ከሩቅ አገር እንደሚመጣ መንገደኛ አድርገን እንመለከተዋለን። እርሱ ግን ከእኛ ጋር መኖር ጀምሯል። ለ40 ሳምንታት ያህል የሚኖርበት የመጀመሪያ ቤቱ የእናቱ ማኅፀን ነው። እናት ስትደክም ያ ቤት ይደክማል፤ የምትተነፍሰው አየር ሲበከል ያ ቤት ይበከላል። እንግዲህ ሁለተኛውን ቤት ለማሳመር ሲባል የመጀመሪያውን መጉዳት የነገሮችን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ሆኖም በብዙ ቤት የሚታየው ይኸው ነው። ጭቃው የሚቦካበትን ውሃ የምታመላልሰው፣ ለግንበኛውና ለቀለም ቀቢው ምሳ የምታበስለው፣ ማታ ሠራተኞቹ ሲሄዱ አቧራውን የምትጠርገው ነፍሰ ጡሯ ናት። ለልጁ በሚል ስም የተጀመረው ሥራ ልጁን በተሸከመችው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ጉዳዩ የድካም ብቻ አይደለም። በቀድሞ ጊዜ በተሠሩ ቀለሞች ውስጥ ሊድ ወይም እርሳስ የሚባለው ብረት ይገኝ ነበር። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ፣ በቀለም ውስጥ የሚኖረው የሊድ መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮች፣ መስኮቶችና ግድግዳዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። አሮጌው ቀለም በደረቁ ሲፋቅ አቧራው ከነመርዙ ወደ አየር ይነሣል። እናት የተነፈሰችው ሊድ በደሟ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ የአእምሮውን ዕድገት ሊጎዳ፣ ፅንስን ሊያስወርድ ወይም ያለጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ጉዳት የማያስከትል ነው ተብሎ የታወቀ የሊድ መጠን የለም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም መፋቁ ግድ ከሆነ ግድግዳውን በውሃ ማራስ፣ ፍርፋሪውን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት፣ ነፍሰ ጡሯም ሥራው አልቆ ቤቱ እስኪጸዳ ድረስ በዘመድ ቤት እንድትቆይ ማድረግ ይገባል።

ይህንን የጤና ምክር ብቻ አድርገን የምናልፈው አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የተሰጠ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ሰው ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ስለ ነበር ሰዎች ይወጡበት፣ ይቀመጡበት ነበር። ትእዛዙ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሊወድቅ የሚችለው ሰው ገና ወደ ጣራው አልወጣም፤ ምናልባትም ገና አልተወለደም። ቤት ሠሪው ግን ከወዲሁ ኃላፊነት አለበት። ከዚህ የምንማረው፣ ገና ስሙን ለማናውቀው ሰው እንኳ ዕዳ እንዳለብን፣ ዕዳውም ከማማር በፊት ከጉዳት መጠበቅ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የሚመረጠው፣ መጋረጃውም የሚቀየረው አራስ ጥየቃ ለሚመጡት ጎረቤቶችና ለክርስትናው እንግዶች ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ያለውን ብቻ ነው፤ ይህም በሚጠባበት ጊዜ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ነው። በግድግዳው ቀለም አይደሰትም፤ በፊቷ ግን ይደሰታል። ታዲያ ያ ፊት በብድርና በጭቅጭቅ ጠቁሮ፣ በድካም ገርጥቶ ቢጠብቀው ምን ተዘጋጀለት ይባላል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ የጤና ባለሙያ እንድታይ ይመክራል። ለቀለም ገንዘብ ተገኝቶ ለጤና ጣቢያ መጓጓዣ ሲጠፋ፣ የቤቱ ዕድሳት ለማን እንደ ሆነ በግልጽ ይታወቃል።

በእርግጥ ይህን ስንል ድሃውን በድህነቱ ላይ ልንወቅስ አይደለም። ክረምት ሲገባ የሚያፈስ ጣራ መደፈን አለበት፤ ጭስ የሚታፈንበት ማድቤት መስኮት ያስፈልገዋል፤ ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ ይደገፋል። እነዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ቀን የሚሰጡም አይደሉም። ደረቅ ወለል፣ ንጹሕ አየር፣ ወባ ባለበት አካባቢም አጎበር ለሕፃኑ ይበቃሉ፤ የቀረው ሊቆይ ይችላል። አስፈላጊው ሥራ ደግሞ በነፍሰ ጡሯ ትከሻ እንዳይወድቅ የጥንቱ ልማዳችን መልስ አለው፤ ገበሬው በደቦ ሲያርስና ሲያጭድ እንደ ኖረ፣ አንድ የምርጊያ ቀን በጎረቤት ብርታት ሊያልቅ ይችላል። በየሰበካው የምታገለግሉ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስታስተምሩ ይህንንም ብትጨምሩበት፣ ወጣቶችንም ለአንዲት ነፍሰ ጡር ውሃ እንዲቀዱ ብታሰማሩ መልካም ነው እንላለን።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ነፍሰ ጡሯን መጠበቅ ማለት አፏን መዝጋት ማለት አይደለም። ባል፣ አማትና ጎረቤት ተሰብስበው «አንቺ ተቀመጪ» እያሉ ያለ እርሷ ምክር ቤቷን ሲያፈርሱና ሲሠሩ፣ ከሥራው ያሳረፏት መስሏቸው ከቤቷ ያስወጧታል። ምን እንደሚከብዳትና ምን እንደሚያስደስታት የምታውቀው እርሷ ናት። የልጇን አልጋ ስፍራ ራሷ መምረጧ፣ አቅሟ የፈቀደውንም መሥራቷ ደስታዋ ነው። እንግዲህ ሸክሙ ከላይዋ ይነሣ፤ ውሳኔው ግን ከእጇ አይነጠቅ።

ቤት ተሠርቶ አያልቅም፤ ልጁም ቤቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ጌታችን በተወለደ ጊዜ ለእናቱ በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ አልተገኘም፤ በግርግም አስተኛችው። ይህ ታሪክ በሩን የዘጋውን አያመሰግንም፤ ለቸልተኛም ሰበብ አይሆንም። ነገር ግን ባላለቀ ቤት ልጃቸውን ለሚቀበሉ ወላጆች እፍረት እንዳይሰማቸው ያጽናናል። ስለዚህ የመጀመሪያ ልጃችሁን የምትጠብቁ ሆይ፣ መዶሻውን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ የሚሠራውን በሦስት ክፈሉት፤ አሁን ግድ የሆነውን፣ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን፣ ከልጁ በኋላ የሚደርሰውን። ሦስተኛው ዝርዝር ረጅሙ ቢሆን አትዘኑ። ሕፃኑ አድጎ አንድ ቀን የቀለሙን ብሩሽ ከአባቱ እጅ ይቀበል ይሆናል።